አንድ ፌስታል አስፕሪን ይዤ ሽንፋ ስወርድ

ቆላ ወርዶ የማያውቅ የጎንደር ሰው ስለ መተማ ሁለት ነገር ያውቃል፤ ሙቀቱንና ሰሊጡን። ሙቀቱን ይረግማል፣ ሰሊጡን ይበላል። ባለፈው ጥቅምት ወርጄ ከተመለስኩ ወዲህ ቅዳሜ ገበያ በምንለው የጎንደር ገበያ ያገኘኝ ሁሉ "እንዴት ነበር አገሩ?" እያለ ስለሚይዘኝ፣ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ተራራና ፏፏቴ የምትጠብቁ ከሆነ ከአሁኑ ተዉት። እኔ ያየሁት ጎማ፣ በርሜልና የሰው ደግነት ነው።

አስቀድሜ ሥራዬን ልናገር። የምነግደው ፕላስቲክ ነው፤ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ሸራ፣ ከሁሉም በላይ የውሃ በርሜል። ቆላ ቧንቧ እንደኛ አገር "ዛሬ አለ፣ ነገ የለም" አይደለም፤ ብዙው ቦታ ጭራሽ የለም፤ ስለዚህ በርሜል የሌለው ቤት የለም። በርሜሉ ሲመጣ ክዳን አለው። እኔ ግን ክዳኑን ለብቻው አነሳዋለሁ። በርሜሉን አንዱን በአንዱ ውስጥ እየከተትኩ ወደ ቆላ አወርዳለሁ፤ ክዳኑን ለቅዳሜ ገበያ ሴቶች እሸጣለሁ። ሰፊ ነው፣ ጠርዝ አለው፣ ለበርበሬ ማስጫ እንደሱ ያለ አልተፈጠረም። የቆላ ሰው ደግሞ ክዳን ጠይቆኝ አያውቅም፤ ማዳበሪያ ጣል ያደርግበታል፣ ወይም እንዲሁ ይተወዋል። ይህን ብልሃት ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለማንም ሳልነግር ኖሬ ዛሬ የምነግራችሁ ወድጄ አይደለም።

ሰኞ ጠዋት ከመተማ ቆላ፣ ከሽንፋ፣ ኑሩ ደወለ። ኑሩ ያወረድኩትን ዕቃ የሚሸጥልኝ ባለሱቅ ነው። ሃያ ዓመት ተሰዳድበናል፤ አንድ ቀን ተጣልተን አናውቅም። የዚያን ዕለት ድምፁ የእሱ አልመሰለኝም።

"ያ ዞል፣ አጥንቴን በመዶሻ የሚወቅጥ ትኩሳት ይዞኛል። ሦስተኛ ቀኔ ነው" አለኝ። "ያ ዞል" የሱዳኖች አጠራር ነው፤ "አንተ ሰውዬ" እንደማለት።

"ወባ ነዋ! መቼ ለቆህ ያውቃል?"

"ወባ ማፊ። ተመርምሬ የለብኝም ተብያለሁ። አዲስ ነገር ነው፤ መንደሩን ሁሉ ይዞታል። ሠራተኛው ሰሊጡን ሳያጭድ እየተኛ ነው። የራስ ምታት ኪኒን እንኳ ከየሱቁ አልቋል።"

"ምን ልላክልህ?"

"ራስህን ላክ።"

ሃያ ዓመት "ዕቃ ላክ" ሲለኝ የኖረ ሰው "ራስህን ላክ" ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ፈራሁ።

መቼም ሰው ሲፈራ ሊቅ ይሆናል። ሰሞኑን በሬዲዮ አንድ ነገር ሰምቼ ነበር። አዲስ መድኃኒት ሠርቶ ለማውጣት ዓመታት ስለሚፈጅ፣ የዓለም ሊቃውንት የታወቁትን የድሮ መድኃኒቶች እያነሱ ለአደገኛ ቫይረስ ይሠሩ እንደሆነ ይሞክራሉ ይላል፤ የትሉን፣ የስኳሩን፣ የወባውን። ሐሳቡን ወደድኩት። የነጋዴ ሐሳብ ነው! የበርሜል ክዳን በርበሬ ማስጫ ያደረግሁት እኔ አይደለሁም እንዴ? ደግሞ እኔ ራሴ ልቤን ያየኝ ሐኪም በየቀኑ አንዲት አስፕሪን እንድውጥ አዞኛል። አባቴ ለራስ ምታት የሚውጧት ያቺው አስፕሪን። ለራስ የነበረች ለልብ ከሆነች፣ ከልብ ወደ አጥንት መውረድ ምን ያቅታታል? ሬዲዮው አስፕሪን አላለም። እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ከየመድኃኒት ቤቱ ጥቂት ጥቂት እየለቀምኩ አንድ ፌስታል ሞላሁ። ባለቤቴ "እስኪ ሐኪም ጠይቅ" አለችኝ። ሐኪም ወረፋ አለው፤ መኪናው አይጠብቅም አልኳት።

ማክሰኞ

በርሜልና ሸራ በጫነ አይሱዙ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ ወጣሁ። ሾፌሩ ይመር ይባላል፤ ወሎዬ ነው። ለሁሉም ነገር መልሱ "አብሽር" ነው። አይዞህ ማለቱ ነው፤ እኔ ግን ኋላ እንደተረዳሁት፣ ይመር "አብሽር" ያለለት ነገር ሁሉ ይሰበራል።

አይከል ላይ ቁርስ በላን። ብርዱ ከጎንደር ይብሳል፤ ጋቢዬን ተከናንቤ "ወደ ቆላ ነው የምሄደው ወይስ ወደ ደባርቅ?" እያልኩ ነበር። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር ጋቢው ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ወንበር ሥር ወረደ። አንዱ ኬላ ላይ ፈታሹ ፌስታሉን ከፈተ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የልብ መድኃኒት።"

"ይሄ ሁሉ?"

"ልቤ ትልቅ ነው።"

አየኝ፣ ሳቀ፣ መለሰልኝ። ምነው በወረሰኝ ኖሮ ያልኩት ኋላ ነው።

ነጋዴ ባሕር ከምትባለው ከተማ ሳንደርስ አንድ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫውን አሰርን። "አብሽር፣ ከእንግዲህ ሸኸዲ ድረስ ነው" አለ ይመር። ነጋዴ ባሕር መግቢያ ላይ ሁለተኛው ፈነዳ።

የቆምነው እትዬ አለምነሽ ከሚባሉ ምግብ ሻጭ ደጅ ነበር። ስድሳ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ምላሳቸው ከእኔ የማያንስ ሴት ናቸው። ወጥተው እኛን ሳይሆን ጎማውን አዩ።

"ይሄን ልትጥሉት ነው?"

"ምን ያደርግልዎታል እትዬ?"

እግራቸውን አነሱና አሳዩኝ። በረባሶ ተጫምተዋል። "ወንድሜ ከእንዲህ ያለው ነው የሚሠራልኝ። መኪና ላይ ካለቀ እግር ላይ ገና አዲስ ነው" አሉኝ። ሬዲዮውም እኮ የሚለው ይህንኑ ነው ብዬ በልቤ ተደሰትኩ።

የማሽላ እንጀራ በባሚያ ወጥ አቀረቡልን። የኛ አገር ሰው የማሽላ እንጀራ ሲያይ አፍንጫውን ይነፋል፤ እኔ ግን ሦስት በላሁ። ልክፈል ስል ተቆጡ። "ጎማው የፈነዳበት መንገደኛ ደግሞ እራት ይክፈል? ምን ዓይነት አገር ነው አገርህ?" ያደርንበትን አልጋም እንዲሁ። እኔም ያለ ምላሽ መሄድ አልወድም። ጉልበታቸውን ሲያሹ አይቼ ስለነበር ከፌስታሉ አንድ ቅጠል አስፕሪን፣ አሥር ፍሬ፣ አውጥቼ ሰጠኋቸው። መርቀውኝ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ረቡዕ

ይመር ጎማ ፍለጋ በሞተር ሄዶ እስኪመለስ እኩለ ቀን ሆነ። ሸኸዲ፣ ወረቀት ላይ ገንዳ ውሃ የሚሏት፣ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች፤ ሙቀቱ ግን ገና ሥራ አልፈታም። ጎንደር እንግዳ ሲመጣ አልጋው ወዳለበት ክፍል ይገባል፤ እዚህ አልጋው ራሱ ወደ ግቢ ይወጣል። ባለ አልጋ ቤቷ ጾም መሆኔን ስነግራት ለብቻዬ ምስር ሠርታ አመጣች፤ ቲማቲሙ ጎንደር ከማውቀው ይጣፍጣል፤ ግን ይህን ለባለቤቴ እንዳትነግሩ።

ወደ ሽንፋ ደወልኩ። ያነሳችው የኑሩ ባለቤት ዘይነባ ናት።

"ትኩሳቱ አልወረደም ጋሽ አያሌው። ዛሬ ደግሞ ጥርሱን ሲፍቅ ድዱ ደማ።"

"በርቺ፣ መድኃኒቱን ይዤ እየደረስኩ ነው!"

አጠገቤ የነበረ ባለሞተር ሰምቶ፣ "እኔ አሁን ወደ ሽንፋ ነኝ፤ ስጠኝና ዛሬውኑ ላድርስልህ" አለኝ። ፌስታሉን አነሳሁት። እሱም እጁን ዘረጋ። መለስኩት። በክፋት አይደለም፤ ዕቃዬን ሳልከተል ለማላውቀው ሰው ሰጥቼ አላውቅም፣ አመል ነው። ይመር "ይህን ታህል ትሰስታለህ?" ብሎ ታዘበኝ። እኔም ራሴን ታዝቤ ተኛሁ።

ሐሙስ

የሽንፋ መንገድ ጠጠርና አቧራ ነው። ግራና ቀኙ የሰሊጥ ማሳ ነው፤ እኩሌታው ታጭዶና ታስሮ ቆሟል፣ እኩሌታው አጫጅ አጥቶ ፍሬውን መሬት ላይ እያራገፈ ነው። ሰሊጥ አይጠብቅም።

ኑሩ ቤት የጠበቅሁት ልቅሶ ነበር፤ ያገኘሁት ደስታ ነው። ትኩሳቱ ጠዋት ለቆታል። ግቢው ውስጥ አልጋ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ሞተሃል ብዬ ነው የመጣሁት" አልኩት።

"ሱቁን ልትወርስ ነዋ። ኸላስ፣ ድኛለሁ፤ ተመለስ።"

ዘይነባ ሳትጠይቀኝ ዶሮ አዝዛ፣ የሚባርከው ክርስቲያን ፍለጋ ከእርሻ ሠራተኞቹ አንዱን አስጠርታለች። ለክርስቲያን እንግዳ ብቻ የምታወጣው ድስት አላት፤ ሃያ ዓመት ሌላ ነገር ተሠርቶበት አያውቅም። ጎረቤቶቼ የእኔን የቡና ስኒ እንኳ እንዲህ አይጠብቁልኝም።

"አጥንቴ ግን አሁንም ይወቅጠኛል፤ ሆዴንም ይቆርጠኛል" አለ ኑሩ። "የታለ ያመጣኸው?"

በኩራት ፌስታሉን ፈታሁ። ሁለት ፍሬ መዳፉ ላይ አኖርኩለት፤ ዘይነባ ውሃ ሰጠችው። ብርጭቆውን እያነሳ ሳለ በሩ ላይ፣ "እጅህ ላይ ምንድን ነው ኑሩ?" የሚል የጎጃም ድምፅ ሰማን። የጤና ጣቢያው ሲስተር ፀሐይ ናት፤ በየቀኑ በሽተኞቿን በየቤቱ እየዞረች ታያለች። ቀረበች፣ አየች፣ ከመዳፉ ለቀም አደረገችው።

"ማን ነው ያመጣው?"

"እኔ ነኝ ልጄ። ለራስ የነበረች ለልብ ሆናለች፣ የድሮ መድኃኒት ለአዲስ ቫይረስ ይሆናል ተብሎ በሬዲዮ…"

"እርስዎ ለልብዎ ይወስዷታል?"

"በየቀኑ።"

"ለምን ይመስልዎታል ለልብ የሆነችው? ደም እንዳይረጋ ስለምታደርግ ነው። ይህ ሰው ደንጊ ነው የያዘው። ደንጊ ራሱ ደም የሚያደማ በሽታ ነው። ድዱ ደምቷል። በዚያ ላይ ይህን ቢውጥ…" አልጨረሰችውም።

ላቤ ቀዘቀዘ፤ ሽንፋ ላይ ላብ ሲቀዘቅዝ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ትናንት ዕቃዬን ለባለሞተሩ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ፣ ሁለት ጎማ ባይፈነዳ ኖሮ፣ አስፕሪኗ ከሲስተሯ ቀድማ ትደርስ ነበር።

"እና ሬዲዮው ዋሸ?" አልኩ፣ ቢያንስ አንድ የምደገፍበት ፈልጌ።

"አልዋሸም። ይሞከራል። በኮሮና ጊዜ አንዷ ርካሽ፣ ለአስም የምንሰጣት የድሮ መድኃኒት፣ ኦክስጅን ላይ ከነበሩት ብዙ ሰው አትርፋለች። ያኔውኑ ደግሞ ሰው የተሻማባት የወባ ኪኒን ምንም ሳትፈይድ ቀረች። ሁለቱም በሬዲዮ ተወርተው ነበር። የለየው ተሞክሮ ነው እንጂ ወሬ አይደለም። ለደንጊ እስካሁን ፓራሲታሞል፣ ፈሳሽና የቅርብ ክትትል ነው ያለን።" ፌስታሉን ከእጄ ተቀበለች። "የድሮ መድኃኒት ጥቅሙ ጠባዩ መታወቁ ነው ጋሼ። የአስፕሪንም ጠባይ ስለሚታወቅ ነው የምከለክልዎ። የራስዎን የልብ አይተዉ፤ ግን ትኩሳት ከያዘዎ ከሁሉ በፊት ወደ እኛ ይምጡ።"

ወደ ኑሩ ዞራ እጁን አየች፣ ሆዱን ነካችው፤ ጮኸ። "ትኩሳቱ ለቀቀ ብላችሁ ነው ዶሮ ያረዳችሁት? እኛ የምንፈራው ትኩሳቱ የሚወርድበትን ቀን ነው" አለች። ጊዜ አልሰጠችንም። በርሜል ባራገፍኩበት አይሱዙ ጭነን ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ይመር አፉን ሲከፍት "አብሽር እንዳትል!" አልኩት፤ ዋጠው።

ግሉኮስ ተሰቀለለት። በየሰዓቱ እየመጣች ልኬቱን ታያለች፤ ፊቷ ግን ምንም አይነግርህም። ዘይነባ ከአልጋው ራስጌ መቁጠሪያዋን ይዛ፣ እኔ ከግርጌው ማተቤን ይዤ ተቀመጥን። ዶሮው ቤት ውስጥ ቀዘቀዘ።

ዓርብ

ጠዋት ኑሩ ዓይኑን ገልጦ አየኝ። "አልሄድክም?" አለ። "ሱቁን ገና አልወረስኩም" አልኩት። ከንፈሩ ትንሽ ሳቀ። ሲስተሯም "ደህና እየያዘ ነው፤ ግን እስከ ነገ አልለቀውም" አለች።

ከዚያ ያልጠበቅሁት መጣ። የኑሩን ግቢ በርሜሎች አንድ በአንድ መርምራ ስትመለስ በብርጭቆ ውሃ ይዛ ነበር። ውስጡ ሲላወስ ያየሁት ጥቃቅን ትል ነገር ነው።

"ደንጊን የምታመጣው ትንኝ የምትነክሰው ቀን ነው፤ የምትፈለፍለው ደግሞ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ነው። ይሄ ከበርሜላችሁ ነው የተቀዳው። ግቢው ስምንት በርሜል አለው፣ አንዱም ክዳን የለው። ጎረቤቱም እንዲሁ፣ እርሻ ካምፑም እንዲሁ። ቆይ፣ ማነው ክዳን የሌለው በርሜል የሚሸጥላችሁ?"

ዘይነባ መሬት አየች። ይመር ጣሪያ አየ። ኑሩ አንድ እጁ በግሉኮስ ተይዟል፤ በሌላው ወደ እኔ ጠቆመ።

ሃያ ዓመት ከኑሩ ብዙ ስድብ ተቀብያለሁ። እንደዚያች ጣት ያለ ግን የለም።

ያን ቀን የዋልኩበትን ልንገራችሁ። ለሽያጭ ያወረድኩትን ሸራ ቀደድኩ፤ የፈነዳውን ጎማ ካላማዳሪ፣ የውስጡን ላስቲክ፣ እንደ ገመድ ሸነሸንኩ። ከይመር ጋር በየቤቱ እየዞርን በርሜሉን እየደፋን፣ እያጠብን፣ ሸራ እያለበስን አሰርን። አንዲት ሴትዮ፣ "ሸራውን በስንት ነው?" አለችኝ። "በነጻ" አልኳት። ኑሩ ቤት ገብታ "ሰውየው ታሟል መሰለኝ፣ ይታይ" ብላ አስወራች። ሲስተር ፀሐይ ከኋላችን መጥታ ቋጠሮውን እየሳበች አየች። "ይህቺ ሙከራስ ትሠራለች" አለች። ከዚያ እየሄደች ሳለ ዞረች።

"ከዚያ ኪኒን ለሌላ ሰው ሰጥተዋል?"

"ኧረ ለማንም…" ብዬ ሳልጨርስ ትዝ አለኝ። እትዬ አለምነሽ። ሽንፋ የገባው ትኩሳት ነጋዴ ባሕር አልገባም ያለኝ ማነው? ስልካቸውንም አልያዝኩ።

ቅዳሜ

ሲስተር ፀሐይ የኑሩን ልኬት አይታ "አልፎታል" ስትል፣ ይመር ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነበር። ዘይነባ ስንቅ ቋጠረችልኝ፤ ኑሩ ደግሞ፣ "በሚቀጥለው ስትመጣ ራስህን አትላክ፣ ክዳን ላክ" አለኝ። ድኗል ማለት ነው።

ነጋዴ ባሕር ስንደርስ የእትዬ አለምነሽ ደጅ ተዘግቷል። የጎረቤት ሴት፣ "አሟቸዋል፣ ከትናንት ጀምሮ ተኝተዋል" አለችኝ። በጓሮ ዞሬ ገባሁ። ግንባራቸውን በሻሽ አስረው ተጋድመዋል።

"እትዬ! ትኩሳት አለዎት?"

"የምን ትኩሳት? ጥርሴን ነው። አንተ ደግሞ ምን ሆንክ፣ ሌላ ጎማ ፈነዳ?"

"ያ የሰጠሁዎት ኪኒን… ስንት ዋጡ?"

ቀና አሉ። የነጠላቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ፈቱትና ዘረጉልኝ። አሥሩም ፍሬ እንዳለ ነው።

"የበርሜል ነጋዴ የሰጠኝን ኪኒን የምውጥ ይመስልሃል ልጄ? እንዳላስቀይምህ ብዬ ነው የተቀበልኩህ።"

እጃቸውን ይዤ ሳምኩ። "እብድ ነው" አሉት ይመርን። "አብሽሩ፣ ይሻለዋል" አላቸው።

ጎንደር ገባሁ። ሰኞ ማለዳ ቅዳሜ ገበያ ሄጄ በርበሬ ከምታሰጣው ደንበኛዬ፣ ከወይዘሮ ፈንታዬ ፊት ቆምኩ። አራት ክዳን ቀይ በቀይ ሆኖ ፀሐይ ላይ ተዘርግቷል።

"እነዚህን ክዳኖች መልሺልኝ፤ ሌላ ማስጫ እሰጥሻለሁ" አልኳት።

"ምን ልታደርግባቸው?"

"በርሜል ልከድንባቸው።"

እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ዞራ ጮኸች።

"ስሚኝማ! አያሌው ደግሞ ዛሬ ምን እንደፈለሰፈ ታውቂያለሽ? በማስጫችን በርሜል ሊከድን ነው!"